ብሎካችን ስብሰባ ላይ ሃሳብ የለውም፣ ደረጃ ስር ግን ሞልቷል። ምን ላድርግ?

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከሁለት ወር በፊት የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ፈልጌው አይደለም፤ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ገብቼ ወንበር እንዲያቀብሉኝ እጄን ሳነሳ ነው የተመረጥኩት።

ችግራችን ውሃ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት በፈረቃ ይመጣል። ግቢ ውስጥ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን፣ ጣራ ላይ ደግሞ አራት ባለ 5 ሺህ። ከታች በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከላይ ለ30 አባወራ ይወርዳል። ሲታሰብ እንዲህ ነበር። የጣራዎቹ ሮቶዎች ግን ከግማሽ በላይ ሞልተው አያውቁም። ያለችውን ጠዋት ታች ያሉት ከፍተው ይጨርሷታል፤ 3ኛና 4ኛ ፎቅ ያለነው ጀሪካን ተሸክመን እንወጣለን። ፓምፑ ደክሟል ተብሎ አዋጥተን አዲስ ገዛን። ምንም ለውጥ የለም።

እኔ መስሪያ ቤት ስልጠና ላይ ብሬንስቶርሚንግ (ተሰብስቦ ሃሳብ ማመንጨት) ተምሬ ስለነበር "በቃ እንሞክረው" አልኩ። እሁድ ኮሚናል ላይ 19 ሰው መጣ። ፍሊፕ ቻርት ለጥፌ ሕጉን አስረዳሁ፦ የማንም ሃሳብ አይነቀፍ፣ ብዛት ይኑረው፣ አንዱ ያለውን ሌላው ያሳድገው፣ እብድ የሆነ ሃሳብም ይፈቀዳል። ይህን ስል አንዲት እናት "እብድ ያልከው ማንን ነው?" አሉኝ። እሱን ለማብረድ ብቻ አስር ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ተነሱ። 25 ደቂቃ ተናገሩ። ከሳቸው በኋላ የተነሳው ሁሉ "ጋሼ እንዳሉት..." ብሎ ጀምሮ "ጋሼ እንዳሉት" ብሎ ተቀመጠ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ የቀረው ሦስት ነገር ነው፦ ፓምፕ መቀየር፣ ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ መጻፍ፣ ጸሎት።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወጥተን ደረጃው ስር ስድስት ሆነን ስንቆም በአስር ደቂቃ ውስጥ ስብሰባው ላይ ያልሰማሁትን ሁሉ ሰማሁ። እንዴት ነው ሰው ደረጃ ስር የሚያወራውን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲያወራው የሚደረገው?

አባዶ_ፌዝ_1 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

የናንተ ጋሼና የኛ ጋሼ ወንድማማቾች ናቸው መሰለኝ።

ሰፊ_ሜዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ወንድሜ በሃሳብ እጥረት የደረቀ ቧንቧ አላየሁም። የጠፋው ገንዘብ ነው። ፍሊፕ ቻርት የገዛህበትን ብር ለቧንቧ ሰራተኛ ብትሰጠው ይሻልህ ነበር።

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

@ሰፊ_ሜዳ ገንዘቡንማ አወጣን እኮ። አዲስ ፓምፕ ገዛን አልኩህ። ችግሩ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ገዝተን ነው እንጂ።

ጥቁር_ሰሌዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ እንደ ልማዴ ትንሽ ልዘብዝብ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብሬንስቶርሚንግን ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው። ቢቢዲኦ ከተባለው ድርጅት መስራቾች አንዱ ነበር፤ ከ1939 ጀምሮ ሰራተኞቹን እየሰበሰበ ሃሳብ ያስወጣቸው ነበር። አንተ ለጎረቤቶችህ ያነበብካቸው አራት ሕጎች የሱ ናቸው። ኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በቡድን ሲያስብ ለብቻው ከሚያመነጨው እጥፍ ያመነጫል አለ። ዓለም ሁሉ አመነው፣ የኛም የስልጠና አዳራሾች እስከዛሬ ያምኑታል።

በ1958 ግን የዬል ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተኑት። 48 ተማሪዎችን አራት አራት አድርገው በ12 ቡድን አስቀመጡ፣ ሌሎች 48ን ለየብቻ። ከዚያ ለየብቻ የሰሩትን ወረቀት አራት አራቱን ደምረው፣ የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥረው ከቡድኖቹ ጋር አወዳደሩ። ለየብቻ የሰሩት በእጥፍ ገደማ በለጡ። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተደረጉ ሙከራዎችም ወደዚያው ነው ያጋደሉት።

ለምን? ሦስት ምክንያት ይነሳል። አንደኛው ይሉኝታና ፍርሃት ነው፤ "አይነቀፍም" ብለህ ብታውጅም ሰው በሆዱ ይነቅፋል። ሁለተኛው መደባበቅ ነው፣ "ሌላው ይናገር" ማለት። ሦስተኛውን ዲልና ስትሮብ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1987 ነጥለው አሳዩ፤ ከሁሉም ክብደት የሰጡት ለሱ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም! በቃ ይኸው ነው። አንድ በር ያለው ሚኒባስ በለው፤ ሁሉም "ወራጅ አለ" እያለ በየተራው ነው የሚወርደው። ተራህን ስትጠብቅ ወይ ሃሳቡ ይጠፋብሃል፣ ወይ እሱን ላለመርሳት ስትጨነቅ ሌላ ማሰብ ታቆማለህ። የናንተን ስሌት ተመልከት፦ 120 ደቂቃ፣ ከሱ ላይ 10 ለእብዱ ሄደ፣ 25 ለጋሼ። የቀረው 85 ደቂቃ ለ18 ሰው ቢካፈል ለአንዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሰው ያሳለፈው አፉን ዘግቶ ነው።

ለኦስቦርን ፍትሕ ልስጠው፦ እሱ ራሱ የቡድኑ ስራ የግል ማሰብን ያግዛል እንጂ አይተካም ብሏል። ይህቺን ግን ስልጠና ላይ ማንም አያነሳትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥ ብላችሁ ጻፉ። በርንድ ሮርባኽ የሚባል ጀርመናዊ በ1968 ያወጣው 6-3-5 የሚባል መንገድ አለ። ስድስት ሰው ክብ ሰርቶ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ሦስት ሃሳብ ጽፎ ወረቀቱን ወደ ጎኑ ያሳልፋል፣ የሚቀጥለው የተጻፈውን አይቶ ሦስት ይጨምርበታል። ስድስት ዙር ሲያልቅ በግማሽ ሰዓት 108 ሃሳብ ነው። ግማሹ ገለባ ይሆናል፣ ይሁን።

የሺ_ጀበና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

መምህር፣ የኛ ብሎክ ላይ 108 ሃሳብ ቢወጣ 100ው ስለ ፎቅ ቤት በግ ማረድ ነው የሚሆነው።

ሽበት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆቼ፣ ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ግን ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ "ጻፉ" ያልከው መምህር፣ ሁሉም ሰው አይጽፍም። የኔ ባለቤት ፊደል አልቆጠረችም፣ ነገር ግን የግቢውን ጉዳይ ከኔ በላይ ታውቃለች። ወረቀት ስትሰጣት ታፍራለች፣ አፍራም ከስብሰባው ትቀራለች።

ሁለተኛ፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አባቴ ስለ አውጫጭኝ ሲያወራ እሰማ ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይ ቤት ሲቃጠል አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ታዲያ ሌባው የባለጸጋ ልጅ ቢሆንስ ማን ደፍሮ ስሙን ያነሳል? ለዚህ ወፍ ነበረች። የሚያውቀው ሰው በስውር ሹክ ይላል፣ ሽማግሌው ተነስቶ "ወፍ እንዲህ አለች" ይላል። ማን እንዳለው አይጠየቅም። ደረጃ ስር የሰማኸው እሱ ነው ልጄ፤ ወፏ እዚያ ናት፣ አንተ ወደ ኮሚናል አላስገባሃትም።

ጥቁር_ሰሌዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጋሽ ሽበት፣ ስለ ጽሕፈቱ ልክ ነዎት፣ አላሰብኩትም። ስለ ወፏም አመሰግናለሁ፤ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ቀይ_አፈር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

አውጫጭኙን ለማሳመር አንቸኩል። በወፍ ስም ስንቱ ቂሙን ተወጥቷል! አያቴ ባልነካው በሬ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ስም የሌለው ወረቀት ካስገባችሁ "2ኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ እንዲህ ናት" የሚል ይመጣላችኋል። የሰው ስም ያለበት ወረቀት አይነበብም በሉ። ስለ ዕቃ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ቦታ ብቻ።

ክርና_መርፌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

የምሳ ሰዓቴ ነው፣ በፍጥነት።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። እኛ ጋ ካይዘን አለ፣ ስራን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፤ አገር ውስጥ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 በፈረንጅ ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ሰልጥኗል። አንዳንዱ ጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፣ እውነቱን ለመናገር። የኛ ቡድን ግን በየሳምንቱ ይቀመጣል።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ የሳትከው ከሰዎቹ በፊት ጥያቄው ላይ ነው። "የውሃ ችግር እንዴት ይፈታ?" ብለህ ከጠየቅህ "ጸሎት" ቢሉህ አትፍረድ፣ ጥያቄው ሰማይ ያህላል። እኛ መፍትሄ ከመሰብሰባችን በፊት "ለምን" እንሰበስባለን። አምስቱ ለምን ይባላል፣ ከቶዮታ የመጣ ነው። መልሱ ላይ ደግመህ ለምን ትላለህ፣ እንደ ሦስት ዓመት ልጅ።

ምሳሌ ልስጥህ። መስመራችን ላይ መርፌ ይሰበር ነበር። ሁሉም "መርፌው ጥራት የለውም፣ አቅራቢ ይቀየር" አለ፣ ልክ እንደ ፓምፓችሁ። ለምን ይሰበራል? ወፍራም ጨርቅ ላይ። ለምን እዚያ ላይ? መርፌው ቀጭን ቁጥር ነው። ለምን ቀጭን ሆነ? ጨርቁ ሲቀየር መርፌው አልተቀየረም። ለምን? ትእዛዙ ሲቀየር ለማታ ፈረቃ የሚነግር የለም። በቃ። ይህን ያወጣችው ደግሞ አስተዳደሩ አይደለም፣ ገና ሁለት ወሯ የሆነ ልጅ ናት፣ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች።

እና አንድ ጥያቄ፦ ፓምፑን በእጁ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማነው? እሁድ ስብሰባው ላይ ነበር?

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

@ክርና_መርፌ ጥበቃው ነው። አልነበረም። "የቤት ባለቤትና ተከራይ ብቻ" ተብሎ ነው የሚጠራው። አሁን ሳስበው ጀሪካን የሚሸከሙት የቤት ሰራተኞችም አንዳቸውም አልነበሩም።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በምሳ ሰዓት አይጻፍም፣ ምሳዬን ነው የከለከልሽኝ።

ሰፊ_ሜዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

እሺ እኔም ከቀልዱ ልውጣ። ለምን ስብሰባ ላይ እንደማልናገር ልንገራችሁ። መምህር ከዘረዘሩት ውስጥ የለም።

አንዴ "የጋራ መብራቱ በየፎቁ ቢቆጠር ጥሩ ነው" አልኩ። ጭብጨባ። "ይህን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋም፣ ሰብሳቢው ሃሳቡን ያመጣው ወንድማችን ይሁን" ተባለ። ስምንት ወር ሙሉ ከሰው በር ላይ ብር ስለቅም ኖርኩ፤ እስካሁን ሰላም የማይሉኝ ሁለት ቤቶች አሉ። ከዚያ ወዲህ ሃሳብ ሲመጣብኝ ሻይ እጠጣና ያልፈኛል። ዝም አይነቅዝም።

የሺ_ጀበና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2：44

ይሄ!! እድራችንም እንደዛው ነው። አንዷ "ድስቶቹ አርጅተዋል" አለች፣ በማግስቱ መርካቶ ድስት ስትገዛ ዋለች።

ጥቁር_ሰሌዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

@ሰፊ_ሜዳ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ዝምታህ ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ሃሳብ ያመጣ ሰው ቅጣት የሚከፍል ከሆነ ወረቀቱም ክቡም አይረዳም። ጸሐፊው ከመጀመሩ በፊት "ሃሳቡን ያመጣ ሰው ለዚያ ስራ አይመደብም" ብሎ በቃለ ጉባኤ ያስገባ።

ቀይ_አፈር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ታዲያ ማን ይሰራዋል? ደቦ ላይ ሰው የሚሰራው እርሻው ላይ የማን ትልም የማን እንደሆነ ስለሚታይ ነው። ኮሚናል ውስጥ የማንም ትልም አይታይም።

ጥቁር_ሰሌዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

ጥሩ ነጥብ ናት። ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ሲለካ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ጉልበት ይቀንስ ነበር፤ በ1913 አሳትሞታል። አንዱ ምክንያት ጉተታው አለመናበቡ ነው፣ ሌላው አንተ ያልከው። የስራ ክፍፍሉ በሌላ ቀን፣ በእጣ ይሁን። ሃሳብ ማውጣትና ስራ ማከፋፈል በአንድ ስብሰባ አይሆኑም።

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ተመልሻለሁ። ትናንት አደረግነው።

መጀመሪያ ጋሼን ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ከተናገሩ ሌላው አፍሮ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ቢዘጉልን" አልኳቸው። ትንሽ ፊታቸው ጠቆር አለ። ባለቤታቸው ግን ከጓዳ "እሱ ከተናገረማ ማን ይተርፋል" አሉ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ነገሩ አለቀ። ይህን በስብሰባ ላይ ብላቸው ኖሮ ዛሬ ጸሐፊ አልሆንም ነበር (አሁን ሳስበው መጥፎ አልነበረም)።

23 ሰው መጣ፣ ጥበቃውና አራት የቤት ሰራተኞች ተጨምረው። የሰራተኞቹ መምጣት አንዳንድ ሰው አልተዋጠለትም፣ አንዲት እመቤት "እነሱ ምን አገባቸው" ብላለች። "ጀሪካኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው" ያሉት አዛውንቷ እናት ናቸው፣ ያው ባለፈው እብድ ተባልኩ ያሉት።

ጥያቄውን አንድ ብቻ አደረግሁት፣ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በትልቁ፦ "የጣራው ሮቶ ለምን አይሞላም?" መፍትሄ አይጻፍም፣ የሰው ስም አይጻፍም፣ የጻፈ አይመደብም። ለሁሉም ሁለት ሁለት ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁ። ለማይጽፉት ሁለት የ8ኛ ክፍል ልጆች ከውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሰው ሄዶ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይጽፋሉ። ጋሽ ሽበት፣ ልጆቹን ወፎች አልናቸው። በጣም ነው የተደሰቱት፣ አንደኛው በየመሃሉ ጭው ጭው ይል ነበር።

አስር ደቂቃ ጸጥታ። የኛ ብሎክ አስር ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አስጨናቂ ነበሩ፣ ሰው ይስቃል፣ ስልክ ያያል። ከዚያ ግን እርሳስ ሲንጫጫ ሰማሁ።

ከ46ቱ 9ኙ ባዶ መጣ። 11ዱ ያው "ፓምፑ" ይላል። ስም የነበረባቸውን ሦስቱን ሳላነብ ቀደድኩ። የቀሩት ግን! አንዱ "ጣራ ላይ የአንዱ ሮቶ መክደኛ የለም፣ እርግብ ይገባበታል" ይላል (ወጥተን አየን፣ እውነት ነው፣ አሁን ከዚያ ቡና ያፈላሁበትን ቀን ሁሉ እያሰብኩ ነው)። ሌላው "ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው"። ሌላው "የታችኛው ሮቶ በሁለት ሰዓት ይሞላና ይዘጋል"። አንድ ደግሞ በወፎቹ ጽሕፈት፦ "ፓምፑ ሌሊት ለምን እንደሚጠፋ ጥበቃውን ጠይቁት።"

ጸጥ። ሁሉም ወደ ጥበቃው ዞረ። እሱም ወደ ጋሼ አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ሲሚንቶው ላይ ተቦርቡሮ የታሰረው ምድር ቤት፣ ልክ የጋሼ መኝታ መስኮት ስር ነው። ባለቤታቸው ግፊት አለባቸው፣ ሲሰራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ አይተኙም። ጋሼም ጥበቃውን "ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አጥፋው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ታበራዋለህ" ብለውታል። እሱ ምን ያድርግ? አጠፋው። ታዲያ ውሃው ሌሊት ይመጣል፣ የታችኛው 10 ሺህ ሊትር በሁለት ሰዓት ይሞላል፣ ተንሳፋፊው ይዘጋዋል፣ ከዚያ እስከ ንጋት ያለው ውሃ መግቢያ የለውም። ፓምፑ ሌሊት ቢሰራ ኖሮ የታችኛው እየጎደለ ደግሞ ይሞላ ነበር። ጣራውን በሁለት ዙር እንሞላዋለን ማለት ነው። ደህናውን ፓምፕ አውጥተን ሌላ ደህና ፓምፕ ገዝተን ነበር።

ጋሼ ተነሱ። 25 ደቂቃ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። "ለኔ ማንም መጥቶ አልነገረኝም" አሉ፣ ተቀመጡ። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ብሰማው ኖሮ እነግራቸው ነበር? እንጃ።

ወዲያው ሁለተኛ ዙር ገባን፦ "ፓምፑ ሌሊት እየሰራ እማማ እንዲተኙ ምን ይደረግ?" እዚህ ላይ ወረቀት አላስፈለገም፣ ሰው ሁሉ አፉ ተፈቷል። ያረጀ ጎማ ቆርጦ ከስሩ ማንጠፍ፣ ከብረት ቧንቧው ጋር በጎማ ቱቦ ማገናኘት፣ እማማ ክፍል ይቀይሩ (ራሳቸው ከቤት ሆነው "አልቀይርም" ብለው ጮኹ)፣ ፓምፑን ወደ ጥበቃው ጎጆ ጎን ማዛወር። መጨረሻ ላይ ማዛወሩና ጎማው አንድ ላይ ሆነ። ከየቤቱ 350 ብር። ስራው በእጣ ለሦስት ሰው ደረሰ፣ አንዷ "እነሱ ምን አገባቸው" ያለችው እመቤት ናት።

ክርና_መርፌ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እልል!! ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ እንዳትፈልጉ ብቻ።

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ከወዲሁ ተጀምሯል። ሦስት ሰው "ወፎቹን ጠይቅ" ብሎኛል። ልጆቹ ግን "ወፍ አይናገርም" ብለው አፋቸውን ዘግተዋል። ወረቀቶቹን ከሰል ላይ ጨመርኳቸው።

ሰፊ_ሜዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

350 ብር። እኔ ምን አልኳችሁ፣ ገንዘብ ነው ብዬ ነበር።

(ስቄ ነው። ጥሩ ስራ ነው ወንድሜ። የኛ ብሎክ መብራት ላይ እሞክረዋለሁ፣ ጸሐፊው ግን ሌላ ሰው ይሁን።)

ሽበት | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጄ፣ ውሃው ወጣ? የጋሼ ባለቤትስ ተኙ?

ጀሪካን_4ኛ_ፎቅ | እሁድ፣ ከቀኑ 6፡05

ጋሽ ሽበት፣ ውሃው 4ኛ ፎቅ ደርሷል፤ ሐሙስ ጠዋት ከቧንቧ ፊቴን ታጠብኩ። እማማም ተኝተዋል፣ ጋሼ ራሳቸው ነግረውኛል።

አሁን የማይተኛው ጥበቃው ነው። ፓምፑ ጎጆው ጎን ነው ያለው። ዛሬ ከሰዓት ለሱ ስብሰባ ጠርተናል። እሱም ተጠርቷል።